የኮሶ ፈቃድ

አማቴ እማማ አፀደ ስለ ሆድ የማያውቁት ነገር አልነበረም፤ ቢያንስ እሳቸው የሚያምኑት እንደዚያ ነው። ራሴን አመመኝ ብትሏቸው ሆድ ነው፣ እግሬን ቆረጠመኝ ብትሏቸው ሆድ ነው፣ ባል ቢያኮርፍ እንኳ “እስቲ ሆዱ ይታይ” ይላሉ። መድኃኒቱም አንድ ብቻ ነው፤ ኮሶ። ጤና ጣቢያ የትል ኪኒን ሞልቷል ስላቸው ፊታቸውን ራሱ ኮሶ አስመስለው፣ “ኪኒን ትሉን ይገድል ይሆናል፣ ቤቱን ግን አይጠርግም” ይሉኛል። አያቶቻቸው ከሸዋ ወደ አርሲ መጥተው ያገኙት መሬት በአዋጅ ተወርሷል፤ ኮሶውን ግን ማንም አልወረሰባቸውም። ወሩን ጠብቀው ይወቅጣሉ፣ ይበጠብጣሉ፣ ያጠጣሉ። እኔንም ሙሽራ ሆኜ በገባሁ በወሩ አጠጥተውኛል። ያን ቀን ያየሁትን አበሳ እኔና እግዜር እናውቀዋለን።

ብርቄ እባላለሁ። አፌ ፈጠን ይላል፤ እማማ አፀደ ለጎረቤት “ጤፍ የሚቆላ ምላስ ይዛ መጣችብኝ” እያሉ ያሙኛል፣ አልዋሹም። ባሌ ፍሰሐ ግን የእናቱም የእኔም ተቃራኒ ነው። የመንግሥት እርሻ ትራክተር ነጂ ነው። ቢያመው ለራሱም አይነግረው። ሕመሙ ደግሞ ዝም የሚባል አልነበረም፤ ከተጋባን ጀምሮ ደም ያስቀምጠው ነበር። አሜባ ነው ተባለ። እዚህ አገር ሆድ የነካ ነገር ሁሉ አሜባ ነው። የአሜባ መድኃኒት ስንት ዘመን ውጦ ጠብ ያለለት ነገር ሲጠፋ አዲስ አበባ ላኩትና በመሣሪያ አዩት። ትልም አይደለም፣ አሜባም አይደለም፤ ትልቁ አንጀቱ ራሱ እየተቆጣ ነው የሚቆስለው፣ የሚደማው። ይሽራል፣ ደግሞ ይመለሳል። ቢጫ ኪኒን ሰጡትና ሳታቋርጥ ትውጣለህ አሉት።

ከአዲስ አበባ ሲመለስ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለኝ። “ብርቄ፣ ይህን ነገር ሰው ከሰማ አንድ ቤት አንኖርም።” የእርሻው ወንዶች ስም ያወጡልኛል ብሎ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብዬ ብለፈልፍ ማን ሰምቶኝ።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ ባሰበት። ገበሬው ከየጎጡ ተነሥቶ በመንደር ይሰብሰብ የተባለበት ዓመት ነው፤ የእርሻው ትራክተሮች የፈረሰ ቤት እንጨት ሲያመላልሱ ይውላሉ። ፍሰሐ ሽንት ቤት ይሮጣል፣ ይቀመጣል፣ ያምጣል፤ የሚወጣው ግን ደምና ንፍጥ ብቻ ነው። ተመልሶ ሳይቀመጥ እንደገና ይሮጣል። እኔና እማማ ተቅማጥ ነው አልንና፣ ዕድሜ ልካችንን ተስማምተን የማናውቅ ሰዎች በዚህ ተስማምተን፣ ማስቆም ጀመርን። ሩዝ ሰጠነው፣ ደረቅ ዳቦ ሰጠነው፣ ውሃ ቀነስንበት። እሱም ለካ ከእኛ ተደብቆ፣ ስብሰባና ጉዞ ባለ ቁጥር የተቅማጥ ማስቆሚያ ኪኒን ይውጥ ኖሯል። ሆዱ እየደነደነ ሄደ። ምግብ ጠላ። እጁን ይዤ እየጎተትኩ አሰላ ሆስፒታል ወሰድኩት።

ዶክተር ሁሴኖ የኦጎልቾ ልጅ፣ የቆላ ሰው ነው፤ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ እያለ የሚያክም፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። ፍሰሐን አስተኝቶ ሆዱን በግራ በኩል ጫን ጫን አደረገና፣ “ደሙን ተወው፣ ንፍጡንም ተወው። ሰገራ ራሱ፣ ሰገራ የሚባለው፣ መቼ ነው የወጣው?” አለው። ፍሰሐ ጣሪያውን አየ። ሊያስታውስ አልቻለም።

“ይህ ተቅማጥ አይደለም፣ ድርቀት ነው” አለ ዶክተሩ።

እኔ ደሜ ፈላ። “ዶክተር፣ ቀኑን ሙሉ ሽንት ቤት የሚመላለስ ሰው እንዴት ብሎ ነው የሚደርቀው?” አልኩት።

አልተቆጣኝም። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። “የቆሰለው የታችኛው አንጀቱ ነው፣ መውጫው ጋ” አለኝ። “የቆሰለ ነገር ይጨመደዳል፣ አላሳልፍ ይላል። ከላይ ያለው ሰገራ መንገድ አጥቶ ይቆማል፣ በቆመ ቁጥር ይደርቃል። የሚያስሮጠው ቁስሉ ነው። ቁስሉ ደምና ንፍጥ ያወጣል፣ እናንተ ተቅማጥ መሰላችሁና ጭራሽ ማድረቂያ ሰጣችሁት።” ከዚያ ወደ ፍሰሐ ዞሮ ማስቆሚያውን ኪኒን ጣል አለው። ቢጫውን አታቋርጥ፣ ድርቀቱ የሚፈታው ቁስሉ ሲሽር ነው፣ ከታች የሚገባ መድኃኒትም እሰጥሃለሁ አለው። ውሃ ደጋግመህ ጠጣ፤ የተላመ ተልባ በውሃ ዘፍዝፈህ በጥቂቱ ጀምር፤ ከዝዋይ በኩል የሚመጣው ፓፓያ ጥሩ ነው፤ ተንቀሳቀስ፤ ተቀምጠህ አታምጥ። ቀስ ብሎ ነው የሚፈታው፣ ታገሥ አለው።

ወደ በሩ ስንሄድ ግን እኔን መልሶ ጠራኝ። “ጠራርጎ የሚያወጣ ነገር አጠገቡ እንዳይደርስ። ኮሶ ቢሆን፣ እንቆቆ ቢሆን፣ የጉሎ ዘይት ቢሆን። የቆሰለ አንጀት አይችለውም። ሆዱ ከተነፋና ካተኮሰው ደግሞ ነገሩ ድርቀት ብቻ አይደለም፤ ነገ ሳትሉ አምጡት።”

ቤት ስገባ ለእማማ አፀደ ቃል በቃል ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አጣፉና፣ “የኦጎልቾ ልጅ ስለ ኮሶ ምን ያውቃል? ቆለኞች ድሮም አይጠጡት” አሉኝ። ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ነው፣ ነገሩ እዚያው የቀረ መስሎኝ።

ተልባው መሥራት ጀምሮ ነበር። ትንሽ ትንሽ ወጣለት፣ ፊቱ ፈካ አለ፣ አንድ ቀን እንዲያውም ሲያፏጭ ሰማሁት። ከዚያ ሰኞ ወደ ሲሬ ወረዳ ትሄዳለህ ተባለ ከእርሻው። እንጨት ጭኖ እዚያው ሜዳ ላይ ከሰው መሀል ሊያድር ነው፤ ሽንት ቤት የለ፣ መሸሸጊያ የለ። አልችልም እንዳይል ለምን ሊሉት ነው። ቅዳሜ ዕለት ሆዱ እንደገና ተቋጠረ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ፤ ራት አልበላም አለ። እኔ ያኮረፈ መስሎኝ እኔም አኮረፍኩ።

እሑድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ አለ። “አንቺ ቅደሚ፣ እኔ እከተልሻለሁ” አለኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። ግንባሩን ልነካው ስል እጄን ገፋው። እማማ አፀደ ከጠዋቱ ወጥተው የሉም፤ ቤተ ክርስቲያን ናቸው ብዬ ነበር።

አዳራሹ ሞልቷል። ስብሰባ የቀረ ሰው ከቀበሌ ሱቅ ስኳር አያገኝም፣ ከባሰም ይታሰራል፤ ስለዚህ የሚያስለውም የሚያነክሰውም መጥቷል። ከጎረቤቴ ከከዲጃ ጎን ተቀመጥኩ። በሩ ተዘጋ፣ የአብዮት ጥበቃው ቱሳ ጠመንጃውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ሊቀመንበሩ ጓድ ገብረ መድህን ስም መጥራት ጀመረ። ፍሰሐ ጋ ሲደርስ እየመጣ ነው ልል ተነሣሁ።

“ፍሰሐ ወልደአማኑኤል ኮሶ ጠጪ ነው” አለ ራሱ ሊቀመንበሩ። “እናቱ በጠዋት መጥተው አስፈቅደዋል። ተፈቅዶለታል።”

ሰው ሳቀ። ክፋት የለውም፤ ኮሶ ሲባል ሰው ይስቃል። ኮሶ የጠጣን ሰው ድሮም ዳኛ አይጠራውም፣ ጌታው አያዘውም ነበር ይላሉ ሽማግሌዎች። ንጉሡ ወርደው፣ መሬቱ ተወርሶ፣ ሁሉ ነገር ተገልብጦ፣ ይህቺ ፈቃድ ብቻ ሳትነካ ቀርታለች። ጓድ ገብረ መድህን ለታመመ እናት ፈቃድ የማይሰጥ ሰው ለኮሶ ይሰጣል። ራሱም ይጠጣላ።

እኔ ግን ያኔ ነገሩ ገባኝ። ቅዳሜ ራት ያልበላው አኩርፎ አልነበረም፤ ኮሶ በባዶ ሆድ ነው የሚጠጣው። እናትና ልጅ ተመካክረው፣ እኔ ከቤት እስክወጣ ጠብቀው ነው። ግንባሩን ሊያስነካኝ ያልፈለገው ትኩሳቱን እንዳላውቅ ነው። ይሄኔ ዋንጫው በእጁ ነው።

“ጓድ ሊቀመንበር፣ ቤቴ መሄድ አለብኝ” አልኩ።

“ተቀመጪ። አጀንዳው አልተጀመረም።”

“ለባሌ ልድረስለት፣ እመለሳለሁ።”

“ኮሶ የጠጣ ሰው የሚፈልገው ሽንት ቤት ነው እንጂ ሚስት አይደለም” አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሊቀመንበሩ ቀልዱ ስለሠመረለት ደስ አለውና ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ።

ከዲጃ ነጠላዬን ሳብ አደረገች። “ተይ ብርቄ፣ ያስሩሻል” አለችኝ በሹክሹክታ። ወደ በሩ አየሁ። ቱሳ ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሣም። እየሮጥኩ ብወጣ ይተኩስ ይሆን፣ አይተኩስ ይሆን፣ አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ነበር የማውቀው፤ እውነቱን ከተናገርኩ ፍሰሐ ይተወኛል፣ ካልተናገርኩ ይሞታል። ይተወኝ አልኩ በሆዴ።

“እንግዲያው ስሙኝ” አልኩ። “ባሌ ትል የለበትም። አንጀቱ የቆሰለ ሰው ነው። ከተጋባን ጀምሮ ደም ያስቀምጠዋል፤ ለማንም አልነገረም፣ ያፍራል። አሁን ሆዱ ደርቆ፣ ሰገራ እምቢ ብሎት፣ ጭንቅ ይዞት ነው ኮሶ የሚጠጣው። ሐኪሙ ኮሶ እንዳይነካ ብሏል። የቆሰለ አንጀት አይችለውም ብሏል። አሁን እናንተ እየሳቃችሁ ሳለ ይሞትብኛል። ከዚህ በኋላ የፈለጋችሁትን ስም አውጡለት፣ እኔን ግን ልቀቁኝ።”

አንድም ሰው አልሳቀም። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዲጃ እጇን አፏ ላይ አድርጋ “ያ ረቢ” አለች። ጓድ ገብረ መድህን ወረቀቱን አጠፈ።

“እውነት ነው?” አለኝ።

“ውሸት ከሆነ እሰሩኝ።”

“ቱሳ፣ አብረሃት ሂድ። ውሸት ከሆነ ይዘሃት ተመለስ” አለ። በሩ ተከፈተ።

ሮጥኩ። ጥር ነው፣ አቧራው ዓይን ይጋርዳል፣ ጫማዬ አንዱ መንገድ ላይ ቀረ። ቱሳ ከኋላዬ ጠመንጃውን እንደያዘ ይሮጣል፤ ያየን ሰው ሁሉ ሌባ የሚያባርር መስሎት ይቆማል። ቤታችን አጠገብ ስንደርስ ባለጋሪው ከዲሮ ሲያልፍ ቱሳ አስቆመውና “ጠብቅ፣ የትም አትሂድ” አለው። ያኔ ነው እንዳመነኝ ያወቅኩት።

ፍሰሐ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ብርድ ልብስ ደርበውለታል፣ ቢሆንም ይንቀጠቀጣል። እማማ አፀደ ከፊቱ ቆመው ዋንጫውን ወደ አፉ እያቀረቡ፣ “ትንፋሽህን ያዝና አንዴ ዋጥ አድርጋት፣ የኔ ጌታ” ይላሉ።

“ጠጣው?” አልኩ።

“አንዷን ጠጥቷል፣ ሁለተኛዋን እየተግደረደረብኝ ነው” አሉ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

ዋንጫውን በእጄ መታሁት። ኮሶው ቀሚሳቸው ላይ ተደፋ። እማማ አፀደ እሳት ሆኑ። “ኮሶ ይደፋል? የመድኃኒት ጠላት! ልጄ ሆዱ ታስሮ እንዲሞትልሽ ነው?” አሉኝ።

እኔም አንጀቴ ቅጥል ብሎ ነበር፣ አልመለስኩም። “የሚገድሉት እርስዎ ነዎት” አልኳቸው። “ልጅዎን በገዛ እጅዎ እየገደሉት ነው፣ እናት ተብለው።” ቱሳም ከዲሮም ይሰማሉ። ግድ አልሰጠኝም።

“ተያት” አለ ፍሰሐ። ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። “የለመንኳት እኔ ነኝ። ሰኞ መሄድ አለብኝ።”

ሸሚዙን ገለጥኩት። ሆዱ ከበሮ ሆኗል፤ ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል። እጄን ሳሳርፍበት ጮኸ፤ ጮኾ የማያውቅ ሰው ነው። ገላው ያቃጥላል። እኔን ለማጣራት የመጣው ቱሳ አንዴ አየውና ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንግቶ፣ “እግሩን ያዢ” አለኝ። ብብቱን ይዞ አነሣው፤ ጋሪው ላይ አጋደምነው። እማማ አፀደ ማንም ሳይጋብዛቸው ወጥተው ራሱን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ለእኔና ለቱሳ ቦታ ስላልነበረ ከጎን እየሮጥን ተከተልን።

የአሰላ መንገድ ዳገት ነው፣ ድንጋይ ነው። ጋሪው በተንገጫገጨ ቁጥር ፍሰሐ ጥርሱን ያፋጫል። ከዲሮ ፈረሱን ቀስ ሲያደርግለት ቱሳ በኦሮምኛ “ደፊ፣ ከዲሮ፣ ደፊ” እያለ ፍጠን ይለዋል፤ ሲፈጥን ደግሞ እኔ ቀስ በል እላለሁ። ምን እንደሚሻል ማናችንም አናውቅም። ገበያው ጋ ስንደርስ ፍሰሐ ራሱን ቀና አድርጎ አስታወከ። ያ የኮሶ ሽታ መንገዱን ሞላው። እማማ አፀደ በነጠላቸው አፉን ጠረጉለት። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ይሁን እርግማን አልሰማሁም።

ፍሰሐ እጄን ፈልጎ ያዘ። “ከስብሰባው እንዴት ለቀቁሽ?” አለኝ።

ልዋሸው አሰብኩ። “ተናገርኩ” አልኩት።

“ለሊቀመንበሩ?”

“ለሁሉም።”

ዓይኑን ጨፈነ። ጋሪው ብዙ ከሄደ በኋላ፣ ያለቀለት መስሎኝ ሳለሁ፣ “ሳቁ?” አለኝ።

“አልሳቁም። እግዜር ምስክሬ ነው፣ አንድም ሰው አልሳቀም።”

እጄን አልለቀቀም።

ሆስፒታል ስንደርስ ዶክተር ሁሴኖ ሆዱን አየና ጨዋታው ሁሉ ከፊቱ ጠፋ። ማዳመጫውን ሆዱ ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ አዳመጠ። “ምን ሰጣችሁት?” አለ። እኔ ወደ እማማ አፀደ ዞርኩ። ይናገሩ፣ በአፋቸው ይናገሩት ብዬ ነው።

“ኮሶ። አንድ ዋንጫ” አሉ። “መንገድ ላይ አወጣው።”

“በማውጣቱ እግዜርን አመስግኑ” አለ ዶክተሩ። ነርሷን ዙቤዳን ጠርቶ እያዘዘ ነው የሚያናግረን፤ በአፍንጫው ቱቦ አስገቡለት፣ ግሉኮስ ሰቀሉለት፣ ራጅ እንዲያነሡት ላኩት። “አንጀቱ ተወጥሮ ስስ ሆኗል። ኮሶ ደግሞ አንጀትን ገፍቶ፣ አስጨንቆ ነው የሚያስወጣው። እንዲህ የተወጠረ አንጀት ላይ ያን ያህል ግፊት ሲመጣ ይቀደዳል። ከተቀደደ ሰው በቀኑ ይሞታል። ዛሬ ሆዱ ካልረገበ ወደ አዲስ አበባ ለቀዶ ጥገና እልከዋለሁ፤ መንገዱን ይችለው እንደሆነ ግን አላውቅም።” ሊሄድ ካለ በኋላ ቆመና እማማ አፀደን ጠየቃቸው። “እናቴ፣ በቤተሰቡ ውስጥ እንዲህ ደም የሚያስቀምጠው፣ ሆዱ የሚነፋ ሰው ነበር? በዘር የሚሄድበት ጊዜ አለ።”

“የለም” አሉ እማማ አፀደ። ጥያቄው ሳያልቅ ነው የመለሱት።

ደጅ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። የጭላሎ ተራራ ደመና ለብሷል፣ ብርዱ ከድንጋዩ ይወጣል። ቱሳ ለሊቀመንበሩ እውነት ነው ብዬ እነግረዋለሁ ብሎኝ ሄደ። ሁለታችን ብቻ ቀረን። እኔ የምላቸውን ቃል አንድ በአንድ ደርድሬ እጠብቃለሁ። ከሞተ ምን እንደምላቸው አውቃለሁ። ከተረፈም ምን እንደምላቸው አውቃለሁ፤ ልጅዎ ቤት ዳግመኛ እግርዎ አይረግጥም እላቸዋለሁ። በውስጥ ዙቤዳ ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ በሩ ተከፍቶ ይዘጋል፣ በተከፈተ ቁጥር ነፍሴ ትወጣለች። እማማ አፀደ መሬት መሬቱን ያያሉ። የተደፋባቸው ኮሶ ቀሚሳቸው ላይ ደርቋል።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ዙቤዳ ወጣች። “ሆዱ ለስለስ ብሏል” አለችን። “ትኩሳቱም ወረድ ብሏል። ራጁ የተቀደደ ነገር አያሳይም። ገና ነው፣ ነገም እንጠብቃለን። ግን ዶክተሩ አዲስ አበባ መላኩን ትቶታል።”

እኔ ፊቴን በእጄ ሸፍኜ አለቀስኩ። እንዲህ ያለቀስኩት ለአባቴም አይደለም። ጨርሼ ቀና ስል እማማ አፀደ አላለቀሱም፤ እያዩኝ ነበር።

“ብርቄ” አሉኝ። “ሐኪሙን ዋሸሁት።”

“ምኑን?”

“አባቱም እንዲህ ነበር።” ቀሚሳቸውን በእጃቸው ይፈትጋሉ፣ ቆሻሻውን ለማስለቀቅ ይመስል። “ደም ያስቀምጠው ነበር። ለሰው እንዳትነግሪ ይለኝ ነበር፣ አልነገርኩም። አንድ ጊዜ ቆመ። ተመስገን አልን፣ ሻረው አልን። ከዚያ ሆዱ ተነፋ። እንደ ዛሬው። ቆዳው እንደ ዛሬው ሲያብረቀርቅ አየዋለሁ። ማልጄ ኮሶ በጠበጥኩለት። አልችልም፣ ተይኝ አፀደ አለኝ። ወንድ አይደለህም ወይ አልኩት። አፍሮ ጠጣው፣ አንዷንም ሁለተኛዋንም። ሳይመሽ ሞተ። ሰው ሁሉ ኮሶው ገደለው አላለም፤ ዘግይቶ ጠጥቶ ነው አለ። እኔም ዘግይቼ ነው ብዬ ይኸው እስከ ዛሬ፣ ቶሎ ላጠጣ፣ ቶሎ ላጠጣ እላለሁ።”

ዓይኔ ቀሚሳቸው ላይ የደረቀው ኮሶ ላይ አረፈ።

“አሁን ሐኪሙ ያለውን ሰምተሻል” አሉ። “ንገሪኝ እስቲ። ዘግይቼ ነው? ወይስ እኔው ነኝ የገደልኩት?”

ቀኑን ሙሉ የደረደርኩት ቃል ሁሉ አፌ ላይ ነበር። ጠዋት በሰው ፊት ልጅዎን የሚገድሉት እርስዎ ነዎት ያልኩት እኔ ነኝ። አሁን በትሩን ራሳቸው አምጥተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። አሮጊት ናቸው፤ ያን ዕለት ነው አሮጊት መሆናቸውን ያየሁት። አሳዘኑኝ። አንጀቴን በሉት።

“አይደለም እማማ” አልኳቸው። “ኮሶው አይደለም። እሳቸው ቀናቸው ደርሶ ነው። ባይጠጡም ይሞቱ ነበር።”

“ውሸትሽን ነው” አሉ።

“ውሸትሽን እንደሆነ አውቃለሁ” አሉ ደግመው፣ እጄንም ያዙኝ። “እስቲ ድገሚልኝ።”

ደገምኩላቸው። ጨለማው ሳይወርድ ዙቤዳ ወጥታ “ነቅቷል፣ አንዳችሁ ብቻ ግቡ” እስክትለን ድረስ ስደግምላቸው ቆየሁ። ከዚያ ብድግ አደረግኋቸውና እሳቸው ይግቡ አልኳት።